ቁልቁለት ላይ ያለ የደሴ ቦታ፣ ተቆርጦ ይደልደል ወይስ ቤቱ በብረት ይነሳ?

የጦሳ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ሁሉንም ካላስረዳኋችሁ መልሱም ስለማይጠቅመኝ ታገሱኝ። ደሴ ጦሳ ተራራ ስር አባታችን የተወልን ቦታ አለ፣ ካርታው 300 ካሬ ነው ሚለው፣ በመንገዱ በኩል 20 ሜትር፣ ወደ ውስጥ 15 ሜትር። መንገዱ ከላይ ነው ሚያልፈው፣ ከመንገዱ እስከ ታችኛው አጥር 15 ሜትር ስትሄዱ 5 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ። ከግራ አጥር 5 ሜትር ገባ ብሎ አንድ ትልቅ ወይራ አለ፣ አባቴ ቦታውን ሲያገኘውም ነበረ፣ እድሜ ልኩን ሳይነካው ኖሯል፣ እኔ አስቆርጬው ቤት ብገባ ልቤ አይችለውም።

እስካሁን ሁለት ባለሙያ አይቶታል፣ ሁለቱም ያሉኝ አንድ ነው፣ በእስካቫተር ይቆረጥ፣ ከኋላ ድጋፍ ግንብ ይሰራለት፣ ሜዳ ከሆነ በኋላ እንደማንኛውም ቤት በአርማታ ጂ ፕላስ ዋን ይቁም። እሺ ልል ነበር። ግን ካቻምና ነሐሴ ላይ ከኛ ሶስት ቤት አለፍ ብሎ እንደዛው ተቆርጦ የተሰራ ግንብ በሌሊት ዝናብ ተገንድሶ የጎረቤቶቻችንን ማድቤት ጨፈለቀው፣ አልሃምዱሊላህ ሰው አልነበረበትም። ከዛ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር እሱ ግንብ ነው ሚታየኝ።

ከብሩ ግማሹን ምታወጣው ሪያድ ያለችው እህቴ ናት፣ እሷ ደሞ በቀደም የብረት ቤት ፎቶ ላከችልኝ፣ ዳገት ላይ በቀጫጭን ኮለን ተነስቶ የቆመ፣ ስሩ ሳሩም ድንጋዩም እንዳለ ነው። አይኔን ከሱ መንቀል አቃተኝ። ሰፈር ሳወራው ግን መጋዘን ልትሰሪ ነው ወይ፣ ቀን እሳት ሌሊት በረዶ ነው ሚሆንብሽ፣ በሶስት ክረምት ይዝጋል፣ እያሉ አስፈሩኝ።

ትልቁን ነገር ሳልናገር፣ እናቴ ሁለቱንም ጉልበቷን ታማለች። አሁን ምንኖርበት ጭቃ ቤት ታችኛው ጥግ ላይ ስለሆነ ከመንገድ ለመውረድ 23 ደረጃ አለው፣ በክረምት ለለቅሶ እንኳን መውጣት እየተወች ነው። እና ጥያቄዬ፣ እንዲህ አይነት ቦታ ላይ በብረት መስራት ያዋጣል ወይ? ደሴ ብርድ ነው፣ ጉሙንም ምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ብረት ይችለዋል? ምን ብዬ ነው ባለሙያ ጋ ምሄደው?


በያጅ_ከኮምቦልቻ፦

አብሽሪ እህቴ። 17 አመት ብረት ላይ ነኝ፣ ስለ ዝገቱ ልንገርሽ ሌላውን ምሁራኑ ይነግሩሻል። ብረት በጉምና በዝናብ ብቻ ቶሎ አያልቅም፣ ደሴ እንደ ምፅዋና ጅቡቲ የባህር ጨው የለባትም። ሚበላው ውሃ ተቋጥሮ ሚቀርበት ቦታ ነው። ሄደሽ የድሮ የብረት በሮችን እያቸው፣ መሀሉ ደህና ሆኖ ታች እግሩ ጋ ነው ሚበሰብሰው፣ አፈርና ውሃ ሚነካካው እዛ ስለሆነ። ስለዚህ ኮለኑን አፈር ውስጥ ቀብሮ አርማታ ሚያፈስበት ሰው ካጋጠመሽ ተይው። ከመሬት ቢያንስ 30 ሳንቲ ከፍ ያለ የአርማታ እግር ይውጣለት፣ ላዩ ውሃ እንዳይተኛበት ወደ ውጪ ያዘመመ ይሁን፣ ከዛ ላይ ወፍራም ፕሌት፣ ብሎን፣ ከፕሌቱ ስር ያለው ክፍተት በደንብ በሲሚንቶ ይሞላ።

ሁለተኛው ቱቦላሬ ነው። ውስጡ ክፍት ስለሆነ አፉ ካልተደፈነ ውሃ ይገባና ከውስጥ ወደ ውጪ ይበላዋል፣ ላዩ ቀለም ተቀብቶ እያማረብሽ ውስጡ አልቆ ታገኚዋለሽ። ጫፍ ጫፉ ሁሉ በላሜራ ተበይዶ ይዘጋ። ሁለት አንግል ጀርባ ለጀርባ አድርገው ሚሰሩትም መሀሉ ብሩሽ ማይገባበት ስንጥቅ ይፈጥራል፣ ከቻልሽ አስቀሪው። ቀለም ሲባል ደሞ አዲሱ ብረት ላይ ያለችው ሰማያዊ ቅርፊት በሽቦ ብሩሽ ወይ በግራይንደር ሳትነሳ አንቲረስት ቢቀባ ቅርፊቷ ስትላቀቅ ቀለሙን ይዛ ነው ምትወርደው። ጋልቫናይዝድ ካገኘሽ ለውጪው ክፍል እሱ ይሻላል፣ ግን በያጁ ሚበይድበትን ቦታ ዚንኩን በግራይንደር አንስቶ ይበይድ፣ ጭሱ ሰው ያሳምማል፣ እኔ ወጣት ሆኜ አንድ ሌሊት ሙሉ አንቀጥቅጦኛል። ሲጨርስ የተበየደው ቦታ መልሶ በዚንክ ቀለም ይሸፈን።

ሌላው መንገድ ነው፣ ይሄን ማንም አያስበውም። አይ ቢም በ12 ሜትር ይመጣል፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ጠመዝማዛ ከባድ መኪናው ይወጣዋል፣ ያንቺ ሰፈር መንገድ ግን አያዞረውም። ስለዚህ ከመጀመሪያው በ6 ሜትር ታስቦ ይነደፍ፣ መቀጠያው የት እንደሚሆን ኢንጂነሩ ይወስን፣ ሰራተኛ ቦታው ላይ እንዲወስን አትተይው። ብየዳው ወርክሾፕ ውስጥ ተሰርቶ ይለቅ፣ ሳይት ላይ ብሎን ማሰር ብቻ ይሁን። ቁልቁለት ላይ ተንጠልጥሎ በነፋስ የተበየደ ነገር እኔም ብሰራው አላምነውም።

ስትገዢ ደሞ ካሊፐር ይዘሽ ሂጂ። 2 ሚሊ ተብሎ ተሽጦልኝ ስለካው 1.6 የሆነ ቱቦላሬ ስንቴ እንደመለስኩ። አይ ቢም ከሆነ አስመዝኚው፣ አይፒኢ 160 ሚባለው በሜትር 15.8 ኪሎ ነው፣ የ6 ሜትሩ 95 ኪሎ አካባቢ መምጣት አለበት፣ በጣም ከቀለለ ሌላ ነገር ነው የሸጡልሽ።


ሰገነት፦

የጦሳ ልጅ፣ አርክቴክት ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው ምሰራው። ጥያቄሽን ሶስቴ አነበብኩት፣ መልሱን ራስሽ ፅፈሽዋል፦ መንገዱ ከላይ ነው፣ እናትሽ ጉልበቷን ታማለች፣ ወይራው አይነካም፣ የጎረቤት ግንብ ወድቋል። ቦታው ራሱ ቤቱ የት እንደሚቀመጥ እየነገረሽ ነው።

ተቆርጦ ቢደለደል እናትሽ አሁንም ደረጃ ልትወርድ ነው እኮ! መንገዱ ቦታው ላይ ይቀራል፣ ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። በብረት ብታነሺው ግን ዋናው ወለል ከመንገዱ ጋር እኩል ይሆናል። ከመንገዱ 3 ሜትር ገባ ብሎ ቤቱ ይጀምር፣ እዛ ጋ መሬቱ ከወለሉ 1 ሜትር ዝቅ ይላል፣ ቤቱ 6 ሜትር ስፋት ቢኖረው በወዲያኛው ጫፍ 3 ሜትር ዝቅ ይላል። መሀሉን በ3 ሜትር ድልድይ አገናኚው፣ እናትሽ ከመንገድ ሳሎኗ ድረስ አንድም ደረጃ ሳትረግጥ ትገባለች። ሳሎን፣ ማድቤት፣ የሷ መኝታ፣ መታጠቢያ በዚህ ወለል ይሁኑ። በታችኛው በኩል ስሩ ሰው ቆሞ ሚሄድበት ከፍታ አለው፣ ለጊዜው እንጨትና እቃ ይቀመጥበት፣ ወደፊት ብር ሲገኝ ሁለት ክፍል ይወጣዋል።

ቅርፁ ቀጭንና ረዥም ሆኖ ረዥሙ ጎን ዳገቱን ተከትሎ ወደ ጎን ይተኛ፣ 12 በ6 በይው። ቁልቁል ካስተኛሽው ከፍታው እያደገ ኮለኑም እያደገ ይሄዳል። የወሎ ገበሬ ቤቱን ሲቀልስ ተዳፋቱን ተከትሎ ጠባብ መደብ ነው ሚያወጣው፣ ዳገቱን ሰንጥቆ አይገባም። በቀኝ በኩል 12 ሜትሩን ብትይዢ ከግራ 8 ሜትር ይተርፍሻል፣ ከወይራው ግንድ እስከ ቤቱ 3 ሜትር አለ ማለት ነው። የድንጋይ መሰረት ቢሆን ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮ ስሩ ይቆረጥ ነበር፣ የብረት ኮለን ግን ለየብቻው ጉድጓድ ነው ሚፈልገው፣ ስትቆፍሩ ትልቅ ስር ካገኛችሁ ቆም ብላችሁ ኢንጂነሩን ጠርታችሁ ጉድጓዱን ማንቀሳቀስ ይቻላል።

ፀሐዩን በተመለከተ፣ ጦሳ ከምዕራብ ነው፣ ስለዚህ ያንቺ ቁልቁለት ወደ ምስራቅ ወደ አዝዋ ገደል ነው ሚያየው። ከሰዓት ተራራው ፀሐይዋን ቶሎ ይወስድባችኋል፣ የጠዋቷን ነው መያዝ ያለባችሁ። ትልልቁ መስኮት ወደ ምስራቅ፣ ከፊቱ 1.5 ሜትር በረንዳ ከነጣሪያው። ጠዋት ዝቅ ብላ ስትመጣ እስከ ሳሎኑ ውስጥ ትገባለች፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ከፍ ስትል ጣሪያው ይከልላታል። በመንገዱ በኩል ትንንሽ መስኮት፣ መታጠቢያና እቃ ቤት አድርጊው፣ ብርዱንም የመኪናውንም ድምፅ ይመልሳል።

መጋዘን ይመስላል ለሚሉሽ አንድ ቤት አሳያቸው። ካሊፎርኒያ ፓሲፊክ ፓሊሴድስ ውስጥ ቻርልስ እና ሬይ ኢምስ ሚባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1949 የገቡበት ቤት ነው፣ ከፋብሪካ ካታሎግ በተመረጠ ተራ ብረት የተሰራ። መጀመሪያ ቻርልስ ከአርክቴክቱ ኤሮ ሳሪነን ጋር የነደፈው ሜዳው ላይ እንደ ድልድይ ተንሳፍፎ ነበር። ብረቱ እስኪመጣ ሲጠብቁ ቦታው ላይ እየሄዱ ሲቀመጡ ሲውሉ ሜዳውን ወደዱት፣ በነደፉት መሰረት ቢሰሩ ሚያጡት የወደዱትን ራሱን መሆኑ ገባቸው። ብረቱ ከመጣ በኋላ ንድፉን ቀይረው ያንኑ ብረት አንድ ቢም ብቻ ጨምረው ቤቱን ወደ ኮረብታው ጥግ ወሰዱት፣ ከረድፍ ባህር ዛፎች ጀርባ። ባህር ዛፍ! እኛ ግቢያችን ውስጥ ያለው ዛፍ። ይሄን ስነግር ግን ሙሉውን ልንገርሽ፣ ኮረብታውን ስለተጠጉ ከ50 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የአርማታ ድጋፍ ግንብ መስራት ነበረባቸው። ያንቺ ሀሳብ ከሱ ሚሻለው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው አውስትራሊያዊው አርክቴክት ግሌን መርከት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ትልቁን የአርክቴክቶች ሽልማት ፕሪትዝከርን ያገኘ። ቤቶቹን ሚያለብሰው በቆርቆሮ ነው፣ እኛ ጣሪያ ላይ ምናየው ሞገድ ቆርቆሮ። ሲድኒ አጠገብ ለሁለት ሰዓሊዎች የሰራው ቤት ድንጋያማ ተዳፋት ላይ በብረት ኮለን ተነስቶ ውሃውና ቅጠሉ በስሩ ያልፋል። ሳይው ሁሌ ቆርቆሮን እኛ ለምን የድህነት ምልክት እንዳደረግነው እገረማለሁ፣ ቆርቆሮው ምንም አላደረገም፣ አሰራራችን ነው።


ኮለን_ቁጥር_7፦

ሰገነት ጥሩ አስረድታለች፣ እኔ ስትራክቸራል ኢንጂነር ስለሆንኩ አስጨናቂውን ክፍል ልውሰድ። እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዳገቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል ወይ? ቤቱን በኮለን ብታነሺው የአፈሩን ጭነት ይቀንሳል እንጂ ሚንሸራተት ዳገት ከሆነ ኮለኖቹን ይዞ ነው ሚሄደው። ሄደሽ ሚከተሉትን እዪ፣ ግቢሽና በዙሪያው ያሉ ዛፎች ግርጌያቸው ወደ ታች ተቆልምሞ ከዛ ቀና ብለው ካደጉ አፈሩ ቀስ እያለ እየወረደ ነው፣ አጥሩ ወይ የስልክ እንጨቱ አዘንብሎ ከሆነ፣ በክረምት መሬቱ ላይ ግማሽ ክብ ስንጥቅ ሚታይ ከሆነ፣ ከበጋው መሀል ሚያረጥብ ቦታ ካለ። ከዛ የአፈር ምርመራ አስደርጊ፣ ቁፋሮው ከላይና ከታች ሁለት ቦታ ቢያንስ። በዚህ ላይ ብር ማዳን አይቻልም፣ ጨርሶ።

አሁን ቁጥር። ተቆርጦ ይደልደል የተባለውን እናስላው፣ 12 በ8 ሜዳ ለማውጣት በዚህ ተዳፋት ከኋላ 2.7 ሜትር ያህል ይቆረጣል፣ 128 ሜትር ኩብ ገደማ አፈር ነው፣ ሲቆፈር ደሞ ያብጣል፣ ወደ 160 ይሄዳል። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ብትይው 10 ምልልስ፣ እና የት ነው ሚደፋው? ከዛ 2.7 ሜትር ግንብ። ከግንቡ ጀርባ ውሃ ሞልቶ ቢቆም የውሃው ግፊት ብቻ በየአንድ ሜትር ርዝመት ወደ 3.6 ቶን ነው፣ የአፈሩን ሳትጨምሪ። የጎረቤትሽን ግንብ ስላላየሁት እንዲህ ነው ልል አልችልም፣ ግን በሌሊት ዝናብ ሚወድቅ ግንብ ብዙ ጊዜ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳና ከጀርባው ጠጠር የሌለው ነው።

በብረት ሲሆን፣ 4 ፍሬም በ4 ሜትር ልዩነት፣ 8 ኮለን፣ 8 ጉድጓድ። ለግምት ያህል ኮለኑን ኤችኢኤ 160 (የኤች ቅርፅ ያለው ብረት)፣ ዋናውን የወለል ቢም አይፒኢ 270፣ መሀሉን በያጁ ወንድሜ ባለው አይፒኢ 160 በየ1.5 ሜትሩ ብናደርገው፣ ጣሪያውን በቱቦላሬ፣ ከነፕሌቱ ከነብሬሲንጉ (ፍሬሙን ሚያጠነክረው ሰያፍ ብረት) ሁሉም ተደምሮ 5 ቶን አካባቢ ነው ሚመጣው። በረንዳውን ጨምሮ ለዛው 90 ካሬ ባለ 15 ሳንቲ የአርማታ ሶሌታ ብቻውን ወደ 34 ቶን ነው። ይሄ ግምት ነው፣ ይዘሽ ገበያ እንዳትሄጂ፣ ያንቺው ኢንጂነር ያስላው። ልዩነቱን ግን እዪው፣ ቀላል ቤት ዳገቱን አይጫነውም፣ መንቀጥቀጥ ሲመጣም ሚወዘወዘው ክብደት ትንሽ ነው።

መንቀጥቀጥ ስል በከንቱ አይደለም። በ1953 የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ምን እንዳደረጋት አዛውንቶቹ ያስታውሳሉ፣ በ2017 የፈንታሌውን ሁላችንም ሰምተናል። ተዳፋት ላይ ያለ ቤት ደሞ የራሱ አደጋ አለው፣ ከላይ ያለው ኮለን 1 ሜትር ከታች ያለው 3 ሜትር ከሆነ እኩል አይሸከሙም። አጭሩ ግትር ነው፣ በሶስት እጥፍ ሲያጥር ግትርነቱ 27 እጥፍ ያድጋል፣ ወደ ጎን ሚመጣውን ኃይል ሁሉ እሱ ይስበውና መጀመሪያ እሱ ይሰበራል። መፍትሄ አለው፣ ከወለሉ ስር በሁለቱም አቅጣጫ ኤክስ ብሬሲንግ ይገባል፣ ወይ በታችኛው በኩል የአርማታውን እግር ከፍ አድርጎ የብረቱን ቁመት ማመጣጠን። ምትቀጥሪውን ኢንጂነር ይሄን ጠይቂው፣ አጭሩን ኮለን ምን አደረግከው በይው፣ ጥያቄው ካልገባው ሌላ ፈልጊ።

ከውሃ ጋር በተያያዘ ደሞ፣ ቺካጎ አጠገብ ፎክስ ወንዝ ዳር አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮ የሰራው የፋርንስወርዝ ቤት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ያለቀ፣ ነጭ ብረትና መስታወት፣ በዓለም ከታወቁት አንዱ። ወንዙ እንደሚሞላ ስለሚታወቅ ወለሉ ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ተነስቶ ነው የተሰራው። እ.ኤ.አ. በ1954 ገና ከመጀመሪያው ውሃው ውስጡ ገባ፣ በ1996ም በ2008ም (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ገባ። ስለዚህ የሰፈር ሽማግሌ ጠይቂ፣ በክረምት ውሃው በየት በኩል ነው ሚያልፈው፣ ከመቼውም የባሰው የት ድረስ ደረሰ። ኮምፒውተሬ ይሄን አያውቅም፣ እነሱ ያውቃሉ።


የጦሳ_ልጅ፦

አላህ ይስጣችሁ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ድልድዩ ጋ ስደርስ እናቴ መልሰሽ አንብቢው አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየሁ። ወይራው ቀጥ ያለ ነው፣ አጥሩም ደህና ነው። ታችኛው አጥር ጋ ያሉት ሶስት ባህር ዛፎች ግን ግርጌያቸው ወደታች ቆልመም ብሏል፣ ሁሌ ሳያቸው የኖርኩ ዛፎች ናቸው ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። በዛው ጥግ ከመስከረም እስከ ህዳር መሬቱ እርጥብ ነው፣ አባቴ ጎመን ሚተክልበት ነበር። ይሄ መጥፎ ነው? ደሞ ስለ ብርዱና ስለ ዝናቡ ድምፅ ማንም አልነገረኝም፣ ኖሮበት ሚያውቅ ካለ በናታችሁ።


የፈረንሳይ_ሰፈር_ሰው፦

እኔ ኖሬበታለሁ፣ አሁንም እየኖርኩበት ነው። አዲስ አበባ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ፣ ስድስት አመት ሆነን፣ የብረት ፍሬም፣ ግድግዳው ከውጪ ቆርቆሮ ከውስጥ ጂፕሰም። የሰራነውን ስህተት ልንገርሽ አንቺ እንዳትደግሚው።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ተላቅሰናል። ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ከስሩ ቀጭን ኮርኒስ ነበር፣ ዝናብ ሲጥል ስልክ ማውራት አይቻልም፣ ህፃኑ እየደነገጠ ይነሳል። በሁለተኛው አመት ጣሪያውን አስነስተን 5 ሳንቲ ፎም ያለው ሳንድዊች ፓኔል አደረግን፣ ከስሩ የድንጋይ ሱፍ ተነጥፎ ጂፕሰም ኮርኒስ። አሁን በረዶ ሲጥል ብቻ ነው ምንሰማው። ከመጀመሪያው ብናደርገው ኖሮ ሁለቴ አንከፍልም ነበር። እቅድሽ ላይ ብር ካነሰሽ መስኮት ቀንሺ፣ ጣሪያ ላይ አትቀንሺ።

ሁለተኛው ማንም ያልነገረን ነገር የብረቱ ላብ ነው። የበረንዳው ቢም ከሳሎን ተነስቶ ግድግዳውን በስቶ ነው ወደ ውጪ ሚወጣው፣ ሲያዩት ያምራል። ሌሊት ውጪው ሲቀዘቅዝ ብርዱን በዛው ብረት ይዞ ይገባል፣ ጠዋት ጀበና ሲጣድ እንፋሎቱ ቢሙ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ኮርኒሱ ጥቁር ሻጋታ አወጣ። ደሴ ከኛ ይበርዳል መሰለኝ፣ ስለዚህ የውስጡ ብረትና የውጪው ብረት ሚገናኙበት ቦታ ላይ ብርድ ማያሳልፍ ነገር መሀል ይግባ፣ ወይ በረንዳው በራሱ ኮለን ይቁም። ወለሉም ከስር አየር ስለሚያገኘው ይበርዳል፣ የኛ ጣውላ ነው፣ ከስሩ ፎም ካስገባን በኋላ ነው ልጆቹ ባዶ እግራቸውን መሄድ የጀመሩት።

ወለሉ ትንሽ ይነጥራል፣ ሰው በፍጥነት ሲሄድ ብርጭቆ ይንጫጫል። እንግዳ ይደነግጣል እኛ ለምደነዋል፣ ግን እናትሽ ጉልበቷን ስለምትታመም ለኢንጂነሩ ወለሉ እንዳይነጥር ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ኧርዝም አትርሺ፣ ቤቱ ሙሉ ብረት ነው፣ መብረቁም አለ። የከሰልና የእንጨት ማድቤት ለብቻው ይሁን፣ ብረት አይነድም እንጂ በጣም ሲግል ይለሰልሳል።

ይሄን ሁሉ አማርሬ ሳወራ ትለቂው እንደሆነ ብትይኝ አለቅም። ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሜ ከስሬ ሳሩ ላይ ወፎቹ ሲለቅሙ ማየት፣ ውሃው በስራችን አልፎ ሲወርድ መስማት፣ ሌላ ቤት ውስጥ አግኝቼው አላውቅም።


ግንበኛው_ዘሪሁን፦

ልጄ እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ግንበኛ ነኝ፣ ሀሳባቸውን ሁሉ በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ግን ሁሉም ብረት ብረት ሲል ደሴ እኮ የድንጋይ አገር ናት። ብረቱ በዶላር ተገዝቶ ከጅቡቲ ነው ሚመጣው፣ ጥቁር ድንጋዩ እዛው አጠገብሽ ነው ያለው፣ ሚጠርበውም ልጅ የሰፈርሽ ልጅ ነው። ላሊበላ የሄደ ሰው ክቡን ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት አይቷል፣ ስንት ዘመን ቆሟል፣ ውስጡም ቀን ቀዝቃዛ ሌሊት ሙቅ ነው። ሁሉንም በብረት አድርገሽ ያገርሽን ድንጋይ ባትረሺው ደስ ይለኛል። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ድንጋይ ቢሆን ብርዱንም ይመልሳል ሲያዩትም ያገሩ ቤት ነው።


ኮለን_ቁጥር_7፦

ጋሼ ዘሪሁን ያሉት ትክክል ነው፣ እኔም ሁሉም ብረት ይሁን አላልኩም። ድንጋዩ ግን መሬት ላይ ይቁም፣ ብረቱ ላይ አይጫን። በመንገዱ በኩል ለብቻው የራሱ መሰረት ያለው የድንጋይ ግድግዳ ቢቆም፣ ከፍሬሙ ጋር ደሞ በመንቀጥቀጥ ጊዜ እንዳይጋጩ ክፍተት ቢተውላቸው፣ በጣም ጥሩ ነው። ፍሬሙ መሀል ብሎኬት ሞልቶ መዝጋትን ነው ምቃወመው፣ በብረት ያዳንሽውን ክብደት መልሰሽ ትጭኚዋለሽ።

የጦሳ ልጅ፣ ባህር ዛፎቹና እርጥቡ ጥግ አንድ ላይ መሆናቸው ይናገራል። የላይኛው አፈር እዛ ጋ ቀስ እያለ እየወረደ ነው፣ ውሃ አለበት። ይሄ ማለት ግን ቦታው አይሆንም ማለት አይደለም፣ ቤቱ ከላይ በኩል ከመንገዱ እስከ 10.5 ሜትር ድረስ ነው ያለው፣ እርጥቡ ከዛ በታች ነው። ምርመራው ሲደረግ አንዱ ቁፋሮ በታችኛው የኮለን መስመር ላይ ይሁን፣ ጠንካራው ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ ይታወቅ፣ ጉድጓዶቹ እዛ ድረስ መውረድ አለባቸው። ባህር ዛፎቹን አትቁረጪ፣ ስራቸው አፈሩን ይዞታል ውሃውንም ይጠጣል። የጣሪያውን ውሃ ደሞ ዳገቱ ላይ እንዳትለቂው፣ 100 ካሬ ጣሪያ 10 ሚሊ ዝናብ ሲጥልበት 1,000 ሊትር ነው፣ በአሸንዳ ሰብስበሽ ወደ ሮቶ። ሮቶውን በመንገዱ በኩል አስቀምጪው፣ ባለ 5,000 ሊትሩ ሲሞላ 5 ቶን ነው፣ የቤቱን ብረት በሙሉ ያክላል፣ ታች ጫፍ ላይ ሚቀመጥ ነገር አይደለም።


የጦሳ_ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ ዘሪሁን የእርስዎን ሳነብ አባቴ የተናገረ መሰለኝ፣ የመንገዱ በኩል ድንጋይ ይሆናል፣ ቃሌ ነው። እህቴ ከሪያድ ደውላ የአፈር ምርመራውን ብር ለብቻው እልካለሁ ብላለች፣ ከጥምቀት በኋላ በደረቁ ይቆፈራል። ሰፈር ያሉ አንድ ሽማግሌ ጠይቄ ውሃው በየት እንደሚወርድ በጣታቸው አሳዩኝ፣ በወይራውና በቀኙ አጥር መሀል ነው ሚያልፈው፣ ልክ ቤቱ ሚነሳበት ስር። በስሩ ይለፍ ተባብለናል፣ ለኢንጂነሩም ይሄንኑ አሳየዋለሁ።

እሁድ ወንድሞቼ መጥተው ችካል ቸከልን፣ 12 በ6ቱን በሲባጎ አጠርነው፣ ከመንገዱ ደሞ 3 ሜትሩን ድልድይ በሁለት አጠና አሳየናት። እናቴ መንገዱ ዳር ወንበር ወጥቶላት ስታይ ቆየችና መኝታዬ የቱ ጋ ነው አለች፣ ወንድሜ ወርዶ ቆመበት፣ ከዛ ወይራው ይታያል ወይ አለችው። ይታያል አላት።